ፊቱን የሸፈኑት ልጅ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ውሻ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ ከማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ እፈራለሁ። አይ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ትልቅ የጭነት መኪና በጎኔ ሲያልፍ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ቴሌቪዥን ግን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ሶፋዬ ላይ እግሬን አጣጥፌ፣ ሪሞቱን ይዤ በተቀመጥኩበት ምን ሊመጣብኝ ይችላል? እንደዚያ ነበር የማስበው።

ፕሮግራሙን ያስለመዱኝ የምንከባከባቸው አሮጊት ናቸው። ሥራዬ የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው፤ የምኖርባት ከተማ ፌደራል ዌይ ውስጥ ከማውቃቸው ሐበሾች ግማሹ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አሮጊቷ ነጭ ናቸው፣ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፣ ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነው። ምሳቸውን ካበላኋቸው በኋላ «ነይ ተቀመጪ፣ ወንዶቼ መጡ» ይሉኛል። ወንዶቼ የሚሉት እየተከፈላቸው ከሴቶች ጋር የሚወጡ ወንዶችን ውሎ የሚያሳይ ሪያሊቲ ሾው ነው። ሴቷ ትደውላለች፤ ወንዱ ሱፉን ግጥም አድርጎ ይመጣል፤ እራት ይወስዳታል ወይም ሰርግ ያጅባታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ካሜራው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይተወዋል። በሩ ይዘጋል፣ ማስታወቂያ ይገባል።

መጀመሪያ ቀን አፍሬ ወጥ ቤት ገባሁና የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ። በማግስቱ በር ላይ ቆሜ በጎን አየሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተቀመጥኩ። ምን እዋሻለሁ፣ ወደድኩት። የማረከኝ የወንዶቹ ቁመና አልነበረም። ሰውየው «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጠይቃትና መልሷን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ ስልኩን አያይም። እኔ ባል የነበረኝ ሴት ነኝ፤ በትዳራችን ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን ቀን አላስታውስም። ጠይቆኝም ከሆነ መልሱን ሳልጨርስ እንቅልፍ ወስዶታል። ተከፍሎትም ቢሆን የሚያዳምጥ ወንድ ማየት ደስ ይላል። አሮጊቷም ሰውየው ወንበር ስቦ ሴቷን ሲያስቀምጣት እሳቸው ዊልቸራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድጋሚው ይተላለፋል። ቤት የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ መማርም አትፈልግም። አንድ ቅዳሜ ኪሮሿን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ለመቀየር ሪሞቱን ስፈልግ እሷ ተቀምጣበታለች።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

ከሥሯ ሪሞቱን ለመሳብ እጄን ሰደድኩ። እናቴ ትንሽ አየችና ራሷ መለሰችው። «እንዳንቺ ናቸው እንዴ? ሰው የሚንከባከቡ?»

«አዎ እማዬ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «የሴቶች እንክብካቤ።»

«ሱፍ ለብሰው?»

«እዚህ አገር እንደዚያ ነው።»

«ጎሽ!» አለች። «ሴትዮዋ ብቻዋን እንዳትበላ ልጅ ይልኩላታል ማለት ነው።»

እናቴ ብቻውን የሚበላ ሰው ማየት አይሆንላትም። በልጅነታችን የቧንቧ ሠራተኛ እንኳን ግቢያችን ጥግ ላይ ምሳውን ብቻውን ሲበላ ካየች እኔንና ታናሽ ወንድሜን «ሂዱ አጠገቡ ተቀመጡ» ብላ ትልከናለች። ጠግበን ብንሆንም ሄደን ቁጭ እንላለን። ሰውየው ግራ ገብቶት ያጎርሰናል፣ እኛም እናጎርሰዋለን። ለዚህ ነው ፕሮግራሙን ወዲያው የወደደችው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ኪሮሿን ይዛ ከኔ ቀድማ ሶፋው ላይ ትገኛለች።

ወንድሜ ሬኒየር ቫሊ ነው የሚኖረው። ጥቁር መኪና ይነዳል፤ ሰው ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ሰርግ ያመላልሳል። እሁድ እሁድ እናቴንና እኔን ቤተክርስቲያን ያደርሰናል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እሱ ወደ ውስጥ መግባት ትቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። እናቴ «ለምን አትገባም?» ስትለው «ፓርኪንግ የለም» ይላል፣ መኪናውን ፓርክ አድርጎ። ሽቶው ተቀይሯል። ሸሚዙ እሱ በማያውቀው አተኳኮስ የተተኮሰ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ሴት ጓደኛ ይዟል ብዬ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አዲስ ሰው መጣ። ፊቱን በጭጋግ ነገር ሸፍነውታል። ድምፁንም በማሽን አወፍረውት ከበርሜል ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። ሴትዮዋ ባሕሩ ዳር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰውየው መጣና ሳይቀመጥ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ «ልቀመጥ?» አላት። እሺ አለችው። ተቀመጠ። ዳቦውን ቆርሶ መጀመሪያ ለሷ ሰጣት። ቀጥላ «ቀኑ አድክሞሃል?» አለችው። እሱም አዎ ለማለት ትንፋሹን ሽው አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበ።

አዎ ማለት ሲያቅተን ወይም ሲሰለቸን ትንፋሻችንን የምንስባትን ነገር ማለቴ ነው። ፈረንጅ አያውቃትም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አሮጊቷ አንድ ነገር ጠይቀውኝ እንደዚያ ብመልስላቸው ልቤን ያመመኝ መስሏቸው አምቡላንስ ሊጠሩ ነበር። ያ ድምፅ የሚያወፍረው ማሽንም አያውቃትም መሰለኝ፤ ትንፋሹን ሳይነካው እንዳለ ነው ያሳለፈው። ወንድሜ ደግሞ ልጅ ሆኖ ቶንሲሉ ካስቸገረው ወዲህ ትንፋሹ ሲሳብ መሃል ላይ ይሰበራል። የሰማሁት ትንፋሽ መሃል ላይ ተሰበረ።

አጠገቤ የእናቴ የኪሮሽ መርፌ ቆመ።

«ይሄ የኛ ልጅ ነው» አለች።

ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ቀነስኩ።

«ሐበሻ ነው እኮ! አልሰማሽም? እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ ዳቦውን ለሷ ሲያስቀድም አየሽው? እናቱ ማን ትሆን? እሁድ እጠይቃለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት።»

«እማዬ፣ ምን አስጠየቀሽ?»

«ምን አለበት?» አለችና መርፌዋን መልሳ አንቀሳቀሰች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ሳህኗን ይዛ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ዞረች። «ቲቪ ላይ ፊቱን ሸፍነውት እንክብካቤ የሚሠራ የኛ ልጅ አለ፤ የማን ነው?» አንዷ አላውቅም አለች። ሌላዋ «የቱ ቲቪ ላይ?» ብላ ልጇን ጠራችና ልጅቷ ስልኳን አወጣች። የያዝኩት ሻይ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ አቃጥሎኝም አልጮኽኩም። ልጅቷ ስልኩን አይታ ሳቋን ዋጠች፣ ለእናቷ በጆሮዋ ነገረቻት፣ እናቷ አማተበች። እኔ ያን ማማተብ ሳይ ነገሩ ማለቁ ታወቀኝ። ትንፋሽን ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በማግስቱ ለወንድሜ ደውዬ ሬኒየር ቫሊ ጤፍ የምንገዛበት ሱቅ ደጃፍ አስመጣሁት። መኪናው ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሰላም እንኳን አላልኩትም።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ትንፋሽህን ሰማሁት።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ማንም ሪኮግናይዝ አያደርግህም ብለውኝ ነበር እኮ» አለ። «ፊቴን ብለር አድርገው፣ ድምፄን ቼንጅ አድርገው… ኦ ማይ ጋድ። እማዬስ?»

«ሐበሻ መሆኑን አውቃለች። አንተ መሆንህን አላወቀችም። እናቱን እየፈለገች ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ። «እትዬ፣ ሾው ራሱ የተጀመረው ከኔ ነው» አለ። አንዲት ባሏን የፈታች፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም የምትሠራ ሴት ወደ እህቷ ሰርግ ሲወስዳት ደጃፉ ላይ ደርሰው አልወርድም አለችው። ብትገባ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ያንን ባዶ ወንበር ነው። «ሶ እኔ ምን ላድርግ? እማዬ እንዴት እንዳሳደገችን ታውቂያለሽ። መኪናዬን ፓርክ አደረግኩና ገባሁ። ልቀመጥ? አልኳት። ኬኩ ሲመጣ እንደ ቤታችን አጎረስኳት። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፤ እሷ አለቀሰች።» ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ ደወለችለት። ይህን ነገር ፕሮግራም አደርገዋለሁ፣ ስንት ሴት አለች በባዶ ወንበር አጠገብ የምትበላ አለችው። እሱ መጀመሪያ እምቢ አለ። እሷ ሌሎች ወንዶች ፈልጋ ጀመረች፤ የሱን ስልክ ግን ለጓደኞቿ ሰጠቻቸው። ጓደኞቿም ለጓደኞቻቸው ሰጡ። በመጨረሻ ፊትህን እንሸፍናለን ብላ ለመነችውና ተቀረጸ።

«እራት ብቻ ነው?» አልኩት።

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። አንድ ሰውዬ የጤፍ ዱቄት ጆንያ መኪናው ውስጥ ይጭን ነበር። «አንዳንዴ እራት ብቻ ነው» አለ።

በጥፊ ልለው እጄ ተነሳ። ግን ያው ልጅ ነው፤ ከቧንቧ ሠራተኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ እግሩ መሬት ሳይደርስ የሚጎርሰው ልጅ። አፈርኩበት፣ አዘንኩለትም። «እማዬ ካወቀች ትሞታለች» አልኩት።

«እኔም እሱን ነው የምፈራው። ቤተክርስቲያን የማልገባው ለምን ይመስልሻል? የቀረው ተቀርጿል፤ ካንስል አድርጉልኝ ብላቸው ፈርመሃል አሉኝ።»

ስለዚህ ገና ብዙ ቅዳሜ ነበረን። በየቅዳሜው ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ፊት የሌለው ወንድሜን አየሁ። ሲስቅ እፈራለሁ፣ እጁን ሲታጠብ እፈራለሁ፣ ሴትዮዋ ጥያቄ ልትጠይቀው ስትል «አዎ አትበል፣ አትተንፍስ» እላለሁ በሆዴ። እናቴ ኪሮሿን ትሠራለች። አዳራሽ ውስጥም መጠየቋን አልተወችም። ሴቶቹ አሁን ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ አውቀዋል፤ እሷን ግን የዋህ ናት ብለው አልነገሯትም። እርስ በርሳቸው ግን መፈለግ ያዙ።

አገኙም። ያገኙት ግን ሌላ ሰው ነው። እናቴ ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ አጠገባቸው የምትቆም አንዲት ወዳጅ አሏት፤ ልጃቸው ሬድመንድ ከተማ ኮምፒዩተር ነክ ሥራ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ሱፍ የሚወድ ረጅም ልጅ ነው። ቁመቱ ይመሳሰላል፣ አለባበሱ ይመሳሰላል፣ እሁድም አንዳንዴ ይቀራል። ይህ በቃቸው። ልጁ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ወሬው ጆሯቸው ሲገባ «ትንሽ እንይ» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው።

ይህን ስሰማ መቻል አቃተኝ። እናቴን ከሐኪም ስመልሳት፣ አይ ፋይቭ ላይ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ጀመርኩ። «እማዬ፣ ያ ፕሮግራም የእንክብካቤ አይደለም። ወንዶቹን ሴቶቹ ይከፍሏቸውና…»

«አውቃለሁ» አለች።

መኪናው ወደ ጎን ሄደብኝ። ከኋላ ያለው ጥሩምባ ነፋብኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ወንድና ሴት እንዴት እንደሚተያዩ ለማወቅ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል እንዴ? እንክብካቤ ያልኩት አንቺ እንዳታፍሪ ነው። ፊትሽ ቲማቲም መስሎ ነበር።»

«ልጁስ?»

«የልጄን ትንፋሽ ነው የምትነግሪኝ?» አለች። ድምፅዋ አልተነሳም። «ያን ጉሮሮ ማር እየቀባሁ ሳስታምም የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ሰው ሁሉ ትጠይቂያለሽ?»

«እናቱ ብሆን እጠይቅ ነበር? ማን ይጠረጥረኛል?»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እናቴን የፈራሁት ያን ቀን ነው። አጠገቤ ነጠላዋን ለብሳ፣ የመድኃኒቷን ከረጢት ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ሳህን ይዛ ስትዞር የከረመችው በየዋህነት አልነበረም። ልጇን በሰው ልጅ እየሸፈነች ነበር።

«የሰው ልጅ ስም ጠፋ እኮ!» አልኩ። «ጋብቻው ቆመ። የማን ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«እሱ ንጹህ ነው፤ ያልፍለታል» አለች። «የኔው ነው የማያልፍለት።» ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤት እስክንደርስ ከረጢቱ እጇ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ቅዳሜ ፕሮግራሙን አልከፈትንም። እናቴ ለወንድሜ ምንም አልነገረችም፤ እኔም እንድነግረው አልፈቀደችም።

እሁድ እንደ ወትሮው አደረሰንና ውጭ ቀረ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ገባን። ዝክር ነበረ፣ ሰዉ ብዙ ነው። የእናቴ ወዳጅ ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግራና ቀኛቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሴቶቹ ሁሉ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተጣበው፣ ትርፍ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠዋል፤ አንዲት ልጅ ልታነሳው ስትል «ሰው አለበት» አሏት። ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ ይበላሉ፤ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ፣ ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ የፈለገ ሰው እንደሚበላው።

እናቴ አጠገቤ ሳህኗን ይዛ ቆማለች። አየቻቸው። «ብቻዋን ነው የምትበላው» አለች።

ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩ። «እማዬ፣ እባክሽ። እማዬ፣ በእመቤቴ።» ነጠላውን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣችውና ሄደች።

አጠገባቸው ተቀመጠች። ጉርሻ ጠቀለለች፣ እጇን ዘረጋች። «ያ ልጅ ያንቺ አይደለም» አለቻቸው። «የኔ ነው።» አልጮኸችም፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰማ።

«የቱ ልጅሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ያው ነዋ። አንድ ነው ያለኝ።»

ሴትዮዋ ጉርሻውን አዩት፣ ከዚያ እናቴን። «እኔን ራሴን ጠይቀሽኛል» አሉ። «እዚሁ ወንበር ላይ። የማን ልጅ ነው ብለሽ።»

«ጠይቄሻለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ። ብቻዋን የምትበላ ሴት ካየህ አጠገቧ ተቀመጥ ብዬ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ። ፍረጂኝ።»

ሴትዮዋ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳህናቸውን እዚያው ትተው፣ በኔ አጠገብ አልፈው ወጡ። የእናቴ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ቆየችና ጉርሻውን ሳህኗ ላይ መለሰችው። አሁን የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችው እሷ ናት። ማንም አልተነሳም። ቦርሳዎቹም ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ናቸው።

መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አርባ ዓይን እያየኝ ያንን ወለል ማቋረጥ ግን አልቻልኩም። በሩን ገፍቼ ወደ ውጭ ወጣሁና የወንድሜን መኪና መስኮት አንኳኳሁ። «እማዬ ነገረቻቸው» አልኩት። «ሁሉንም ታውቅ ነበር። ብቻዋን ተቀምጣለች።»

ሞተሩን አስነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ቢሄድ እኔም አብሬው እገባ ነበር። እሱ ግን ወረደ። የተጨማደደ ጃኬት ነበር የለበሰው፣ ጺሙን አልተላጨም፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። በሩን ከፍቶ ገባ። ሰው ሁሉ አየው፤ አንድ እጅ እንኳን ወደ ሳህን አልወረደም። እኔ ከኋላው በሩን ይዤ ቆሜአለሁ፤ አንድ ሰው ተነስቶ አንድ ነገር ይለዋል ብዬ እጠብቃለሁ። አዳራሹን አቋርጦ እናቴ ጋ ደረሰ። አልተቀመጠም። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«ልቀመጥ?» አላት።

እናቴ ቀና ሳትል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ መሃል ላይ ተሰበረ።